ያልተሸረፈው ምላጭ

መርማሪው ሲደርስ ሽማግሌው ፀጉር አስተካካይ በገዛ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ጉሮሮው ተቆርጧል፤ ምላጩ ቀኝ እጁ ውስጥ ሆኖ ጭኑ ላይ በረጋው ደም ተነክሯል። አንዱ ጉንጩ ተላጭቶ ልሙጥ ሆኗል፤ ሌላው ገና ጢሙን እንዳጎፈረ ነው። መስተዋቱ ሥር የሳሙናው ጎድጓዳ ሳህንና ከአባቱ የወረሰው ትንሽ የምላጭ መሳያ ድንጋይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ራሱን ነው ያጠፋው፤ ምኑ ይመረመራል?» አለ ፖሊሱ።

«ጠዋት ስገባ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» አለች የሟቹ ልጅ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ።

መርማሪው ሁለቱንም አዳመጠ። ከመናገር መስማት ስለሚቀናው «ጆሮ» ነው የሚሉት። በልቡ ነፍስ ይማር ብሎ ጎንበስ አለ። በሟቹ አንገት ላይ ያለው የብር ሰንሰለት አዲስና ጥልቅ ጭረት አለበት። ምላጩን ጠርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ ስለቱ አንድም ሽራፊ የለውም። የገዛ ክንዱ ላይ ገና ሲያስጠጋው ፀጉሩ ረገፈ።

ከዚያ በሩ ጋ የቆመውን የሟቹን ወንድም፣ ልብስ ሰፊውን፣ ጠየቀው።

«ወንድሜ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ጌታዬ። ሻይ እንኳ ግማሹን የሚጠጣለት ሱሪው ነው። ምላጩ ግን እሳት ነበር፤ ደንበኛው ሁሉ ይመሰክራል።»

«ሱቁስ ለማን ሊሆን ነው?»

«ለእኔ። ልብስ ልሰፋበት፤ ትናንት ነው ለሁላችንም የነገረን።»

«ለልጁስ?»

«ለእሷ? ሴት ልጅ ምላጭ ይዛ ማንን ልትላጭ!»

መርማሪው ከመሳቢያው ሌላ ምላጭ አውጥቶ፣ «እስቲ ሳልልኝ» አለው። ልብስ ሰፊው ምላጩን ድንጋዩ ላይ እንደ ቢላዋ አቁሞ ሊፈገፍገው ሲል፣ «ቀጭኑ» የሚባለው ሁለተኛው አስተካካይ ቀኝ እጁ በጀሶ እንደታሰረ ዘሎ ተነሳ።

«ኧረ ተው! ገደልከው እኮ!» አለና ያለው ነገር ለራሱ ሲሰማው አፉን ያዘ።

«ሟቹ ድንጋዩን በምን ነበር የሚያረጥበው?» አለ መርማሪው።

«በውሃ ብቻ። ሳሙና ያስነካሁበት ቀን ስድቡ አይጣል ነው። እኔ ግን በአረፋ ነው የምወደው፤ ምላጩን ያንሸራትተዋል።»

መርማሪው ጣቱን በድንጋዩ ላይ ሄድ አደረገ። የደረቀ አረፋ ነጭ ሆኖ ተነሳ። ከዚያ ልጅቷን፣ ልብስ ሰፊውንና ቀጭኑን በደንበኞች አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው።

«ምላጩ ሰንሰለቱን መቷል፤ ብር የመታ ስለት ይሸረፋል። ይሄ አልተሸረፈም። እንግዲህ ሰውየው ከሞተ በኋላ ተስሏል ማለት ነው። የሳለው ሰው ሙያውን ያውቃል፤ ልብስ ሰፊው አያውቅም። በአረፋ ነው የሳለው...»

«እኔ ነኝ!» አለ ቀጭኑ። «እኔ ነኝ የገደልኩት!»

«በዚህ እጅህ? የተላጨው ጉንጭ ላይ አንዲት ጭረት የለችም። አንተ የአረፋውን መንገድ ያስተማርከው ሰው አለ።»

«ተወው ጋሼ» አለች ልጅቷ ወደ ቀጭኑ ዞራ። «አይበቃም?»

ቀጭኑ አግዳሚው ላይ ኩምትር አለ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ምላጮቹን የሳልኩት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ፣ «አባቴ ሳይነቃ። ሰው ሲያመሰግነው የራሱ እጅ ይመስለው ነበር። ዛሬ እጄን ይየው፣ ሱቁን ይተውልኛል ብዬ ላጨሁት። ግማሽ ላይ ስነግረው ሳቀ። ‹ቀጭኑ ስሎልሽ ነው እንጂ አንቺ?› አለኝ። ከዚያ እጄ...» ድንጋዩን አየች። «ሰንሰለቱ ሲሸርፈው አየሁ። እንዲያ ሆኖ ላስቀምጠው አልቻልኩም። ሳላስበው ድንጋዩን አነሳሁ።»

ፖሊሱ ካቴና አጠለቀላት። በሩ ጋ ስትደርስ ወደ መርማሪው ዞረች።

«ስለቱ... እንዴት ነበር?»

«በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አልነካሁም።»

«ምስጋናው ለእኔ ነው?»

«ላንቺ ነው ልጄ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች።