የ«ሁሉቃ ማዶ» ጊታር

ሌታ የሞተው ጊታሩን እንዳቀፈ ነው። ከወንበሩ ወደ ጎን ወድቆ፣ ግራ እጁ የጊታሩን አንገት እንደጨበጠ ቀርቷል። ማይክራፎኑም አብሮት ወድቆ ከከንፈሩ አጠገብ ነበር። ኢንስፔክተር ቢሊሴ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ምክትል ሳጅን ታምራት ግን ጉዳዩን ጨርሶት ጠበቃት።

«ኤሌክትሪክ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሬዲዮኑን የጠገነውን ልጅ ይዘነዋል። ቀንዓ ይባላል፤ ገበያው አጠገብ ሱቅ አለው። በቸልተኝነት ሰው መግደል። መዝገቡን ነገ ለዐቃቤ ሕግ እንልካለን።»

«ቸኩለሃል።»

«ጉዳዩ ነው የቸኮለው እንጂ እኔስ ተረጋግቻለሁ።»

ሬዲዮኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አምፖሎቹ ካልሞቁ የማይናገር የድሮ የእንጨት ሬዲዮ። ሌታ ጊታሩን በእሱ በኩል ነበር የሚያጮኸው። ምክንያቱን በአምቦ የማያውቅ የለም። በከተማዋ ወንዝ ስም «ሁሉቃ ማዶ» የተባለውን ዘፈን የከተማው ባንድ ከአብዮቱ በፊት ሲቀዳው፣ መሐሉ ላይ እንደ ውጭዎቹ የሮክ ባንዶች የሚያጉረመርም ጊታር ገብቶበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ድምፅ መልሶ ያወጣ ጊታሪስት አልተገኘም። ሌታ ግን ድምፁን አግኝቶ ዘፈኑን እንደ አዲስ ለመቅዳት ቆርጦ ተነሣ። እሑድ በከተማው አዳራሽ አዲሱ ቅጂ ሊሰማ፣ የዘፈኑ ጊታሪስት ተብለው ለሚታወቁት ለጋሽ እንግዳወርቅም ካባ ሊደረብ ቀጠሮ ተይዟል። ሌታ የተከራየው ይህ የጓሮ ክፍልም የእሳቸው ነው።

ቢሊሴ ተንበረከከች። የሌታ የግራ እጅ ጣቶች ጫፋቸው ላይ ቀጭን የቃጠሎ መስመር አለ። ክሮቹ ግን ያበራሉ፤ አንድም የጠቆረ ቦታ የላቸውም። ከመቃኛዎቹ የተረፈው ጫፋቸው አልተቆረጠም፤ እንደ ትንንሽ ቀለበት ተጠቅልሏል። ከላይ ያለውን ወፍራሙን ክር በጥፍሯ ገፋ አደረገችው። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉባት ትንሽ አጥንት ላይ ተንሸራቶ ወረደ።

«ታምራት፣ መሰኪያውን እንዳለ ነው ያገኛችሁት?»

«እንዳለ ነው። ቀዩ ነጥብ ወደ ላይ ነው። ልጁ ራሱ ያደረገው ምልክት ነው አሉ፤ በትክክል ተሰክቷል ማለት ነው። ጥፋቱ ከሬዲዮኑ ሆድ ነው።»

ሬሳውን ያገኘችው የሌታ ባንድ ዘፋኝ ሳምሪ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቢሊሴ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ጋሽ እንግዳወርቅ ናቸው ያሉት አይደል? እውነት ነው። ቀረጻውን ትቶ የአንድ ጊታር ድምፅ ሲያሳድድ ከረመ። የሬዲዮኑን ስፒከር ወረቀት በምላጭ ሰነጠቀው፤ እንዲያጉረመርም ብሎ። ጉርምርምታውስ መጣ። እሱ ግን ‹አሁንም አይደለም› ይላል። ባትሪው ባለቀ ቴፕ የድሮውን ዘፈን ካሴት እያጎተተ መስማት ጀመረ። ያበደ መስሎኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ትናንት እየሳቀ መጣ። ‹አገኘሁት፤ ቀጭኑ ክር ነው የሚቀድመው› አለኝ። ለጋሽ እንግዳወርቅ ነግሬያቸዋለሁ፣ እሑድ ደግሞ በሰው ፊት እናገራለሁ አለ። ምኑን እንደሚናገር አልገባኝም።»

«አዲስ ክር ሲያስር የተረፈውን ጫፍ ምን ያደርገዋል?»

«በፒንሳ ይቆርጠዋል። ያቺ ጫፍ ስንት ሻርፕ ቀዳብኛለች።» ሳምሪ ፈገግ ልትል ጀምራ እንባዋ ቀደማት።

ጋሽ እንግዳወርቅ በፊት ለፊቱ ቤት ሳሎናቸው ውስጥ ተቀበሏት። ግድግዳው ላይ በፎቶግራፎች መካከል አንድ አሮጌ ጊታር ተሰቅሏል። ቢሊሴ እሱን አሻግራ እያየች ጠየቀች።

«ዛሬ ወደ ጓሮው ክፍል ብቅ ብለው ነበር?»

«ወዴት ልጄ፣ ጠዋት መብራቱ ሲጠፋ እዚሁ ጋደም እንዳልኩ ነው። ሳምሪ ስትጮህ ነው የነቃሁት።»

«ጊታሩንስ አሁንም ይነካካሉ?»

«ጣቶቼን ቁርጥማት ይዞኛል። ክር ካሰርኩ ዓመታት አለፉ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በቀንዓ ላይ አትጨክኑበት። አባቱ ነገራ ባልደረባችን ነበር፤ ከበሮ ይመታልን ነበር። በዚያ ክፉ ዘመን ወስደውት በዚያው ቀረ። ልጁም ሳያውቅ ያጠፋው ጥፋት ነው።»

ርኅራኄያቸው ለቢሊሴ አልተዋጠላትም። ጥፋቱን ማንም ሳይጠይቃቸው ለቀንዓ ሰጥተውታል።

ቀንዓ ጣቢያ ውስጥ ቃሉን ሲፈርም እስክሪብቶውን በግራ እጁ ያዘ።

«ግራኝ ነህ?»

«እናቴ ‹እጅህ የአባትህ ነው› ትለኛለች። እኔ ጡት ሳልጥል ነው የወሰዱት፤ አላስታውሰውም።»

«ከበሮ መቺ ነበር አሉ።»

«ጋሽ እንግዳወርቅ እንደዚያ ይላሉ። እናቴ ግን ጊታር በጀርባው አዝሎ ከጉደር ሲመጣ ነው የምታስታውሰው። እሳቸው ደግሞ የሰው ጊታር ነው የተሸከመው ይሏታል።»

«ስለ ሬዲዮኑ ንገረኝ።»

«እንዲህ ያለ ሬዲዮ ውስጡ ያለው ብረት ከመብራቱ ጋር ይገናኛል። መሰኪያው በትክክል ከገባ ደህና ነው። ከተገለበጠ ግን ኤሌክትሪኩ በሽቦው አድርጎ ጊታሩ ክር ላይ ይደርሳል፤ ክሩን ይዞ እንደ ማይክራፎን ያለ ሌላ ብረት የነካ ሰው ይሞታል። ለዚህ ነው የሳምሪን የጥፍር ቀለም ለምኜ ቀይ ነጥብ ያደረግሁበት። ነጥቡ ሁልጊዜ ወደ ላይ። ለሦስቱም አሳይቻለሁ፤ ለሌታ፣ ለሳምሪ፣ ለጋሽ እንግዳወርቅም።»

«ነጥቡ ወደ ላይ ሆኖ ነው የተገኘው።»

ቀንዓ እጆቹን አየ። «እንግዲያው እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት ነው?» አለ።

ቢሊሴ ከወንበሯ ተነሣች። ሌላ ቴክኒሻን አስጠርታ ሬዲዮኑን አስፈተሸች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በጓሮው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጋሽ እንግዳወርቅ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሳምሪ መስኮቱን ተደግፋ ቆመች። ቀንዓ እጁ በካቴና እንደታሰረ ከታምራት አጠገብ ነው።

«ሬዲዮኑ ጉድለት የለበትም» ብላ ጀመረች ቢሊሴ። «ነጥቡ ወደ ላይ ሲሆን ማንንም አይነካም፤ ሲገለበጥ ይገድላል። ሌታ የሞተው መሰኪያው ተገልብጦ ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ተነሥቶ መሰኪያ አያስተካክልም። ከሞቱ በኋላ እዚህ ክፍል የገባ ሰው አለ።»

«እኔን ነው?» አለች ሳምሪ።

«ቆይ። ሌታ ክሩን እንደያዘ ጣቱ ተቃጥሏል፤ እነዚህ ክሮች ግን ጣት የነካቸው አይመስሉም። ስለዚህ የገባው ሰው ጊታሩን ከእጁ አውጥቶ ክሮቹንም ቀይሮ መልሶ አስይዞታል። ለምን?» ጊታሩን አነሣች። «ክሮቹ የሚያርፉባት ይቺ አጥንት ሌታ አዲስ የሞረዳት ናት። ጠባቡን ቦታ ከላይ፣ ሰፊውን ከታች አድርጎ ነው የሠራት። ቀጭኑን ክር ከላይ፣ ወፍራሙን ከታች ለማሰር ማለት ነው። ገዳዩ ክሮቹን ወደ ተለመደው ቦታ ሲመልስ አጥንቷን አላስተዋለም። ወፍራሙ ክር ጠባቡ ቦታ አልገባ ብሎ ተንሳፎ ቀረ። በዚህ ጊታር ማንም ሊጫወት አይችልም።»

«ክር ተገልብጦ ምን ይጠቅማል?» አለ ታምራት።

«ሌታ ካሴቱን እያጎተተ ሲያዳምጥ፣ እጁ በወረደ ቁጥር የሚቀድመው ቀጭኑ ክር ሆኖ አገኘው። በቀኙ የሚመታ ሰው እንዲያ አይመጣለትም። ሌላ ጊታር ያጣ ግራኝ ግን የቀኝ ሰው ጊታር ገልብጦ ሲይዝ ቀጭኑ ክር ከላይ ይሆንለታል። ሌታ ቀኝ ስለሆነ ያንን ድምፅ ለማውጣት ክሮቹን ገለበጠ። የፈለገውንም ድምፅ አገኘ። ያን ጊታር የተጫወተው ግራኝ መሆኑንም አብሮ አገኘ።»

ቀንዓ ቀና አለ።

«ጋሽ እንግዳወርቅ ቀኝ ናቸው» አለች ሳምሪ በዝግታ።

ሰውየው ባርኔጣቸውን አዞሩ። «ይህ ሁሉ ግምት ነው፣ ልጄ።»

«እስካሁን ያለው ልክ ነው፣ ግምት ይባል ይሆናል። ሌታ የተረፈውን ክር ይቆርጣል። የተቆረጠ ክር ወደ ሌላኛው መቃኛ አይደርስም፤ ስለዚህ ገዳዩ ከሌታ ዕቃ ውስጥ አዲስ ክሮች አውጥቶ አሰረ። ሲያስር ግን ጫፉን መቁረጥ አልሆነለትም። ጠቀለለው። ክር እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ የተጫወተ ሰው፣ ሲበጠስ ስቦ መልሶ ለማሰር ጫፉን ያስቀራል። ሳሎንዎ ውስጥ የተሰቀለው ጊታር ጫፎቹ ሁሉ እንዲህ ተጠቅልለዋል። ክር ካሰርኩ ዓመታት አለፉ ብለውኛል፤ እነዚህን ግን ያሰሩት ትናንት ነው። መብራት ጠፍቶ ሌታ ምሳ ሲወጣ መሰኪያውን ገለበጡት። ተመልሶ ጊታሩን አቅፎ፣ ማይክራፎኑን አፉ አጠገብ አድርጎ መብራት ሲጠብቅ፣ መብራቱ መጣ።»

ጋሽ እንግዳወርቅ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አዩዋቸው፤ ቁርጥማት ያለባቸው አይመስሉም።

«ነገራን እኔ አላስወሰድኩትም» አሉ። «እሱ ሲቀር ሰዎች ‹አንተ ነህ አይደል የተጫወትከው?› አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ነው የጀመርኩት። ሌታን ለመንኩት፤ እስክሞት ጠብቀኝ አልኩት። ‹የቀንዓ እናት ሳትሰማ ትሙት?› አለኝ። ካባው ተሰፍቶ አልቆ ነበር።»

ታምራት ካቴናውን ከቀንዓ እጅ ፈትቶ፣ ለአፍታ እንደያዘው ቆየ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ሄደ።

ሁሉም ሲወጡ ቀንዓ አልተንቀሳቀሰም። ቢሊሴ ቴፑን ከፈተችው። ያረጀው ካሴት ጥቂት አፏጨ፣ ከዚያ ጊታሩ እያጉረመረመ መጣ።

«ገለቶማ» ብሎ አመሰገናት ቀንዓ ዝቅ ባለ ድምፅ። እጁን ወደ ቴፑ ዘርግቶ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ በግራው ነበር።

«ይህ ካሴት እኔም ሱቅ አለ» አለ። «የሰው ቴፕ ጠግኜ ስጨርስ የምሞክረው በሱ ነው። በየቀኑ።»