ከዋርካው የተሰቀለው ቦንብ

«አትምታው ብያለሁ!»

ጡረተኛዋ መቶ አለቃ አበራሽ የብረት ዘንጉን አንድ ጫፍ ጨምድደው ያዙ፤ ሌላው ጫፍ በጫኖ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር በዘካሪያስ እጅ ነው፤ ከኋላው ተማሪው ተሰልፏል፣ ከሰልፉ ፊት ከዞን የመጡት ሹም ቆመዋል፣ ከራሳቸው በላይ ደግሞ ደወሉ ከዋርካው ተንጠልጥሏል። መስከረም 2009፣ የትምህርት መክፈቻ ዕለት ነበር።

ደወል ይበሉት እንጂ ቦንብ ነው። በወረራው ዘመን ከአውሮፕላን ተጥሎ ሳይፈነዳ ጭቃ ውስጥ የቀረ ነው ይባላል፤ የዘካሪያስ አባት ሙዝ ሊተክሉ ሲቆፍሩ አግኝተው በበሬ ጎትተው አመጡት፤ ዘካሪያስ ራሱ ፊደል የቆጠረው በሱ ድምፅ ነው። መቶ አለቃዋ ግን አስተማሪ ልጃቸውን ሊያዩ ከከተማው ሰፈር ከሴቻ መጥተው ገና ዛሬ አዩት።

«እማማ፣ ባዶ ቀለህ እኮ ነው! ስንት ዘመን ስንደበድበው ዝም ያለ» አለ ዘካሪያስ እየሳቀ።

«መቶ አለቃ በለኝ! ባዶ ቢሆን ቅድም ስትመታው እንዲያ ታፍኖ ይጮኻል? አፍንጫው ላይ መቀስቀሻ አለች፤ እሷ ስትመታ ትንሹን ፈንጂ ትቀሰቅሳለች፣ ትንሹ ትልቁን፤ ከዚያ ሆዱ ውስጥ ያለው በቅጽበት ጋዝ ሆኖ ብረቱን ይበጣጥሰዋል። ዛገች እንጂ አልሞተችም!»

ሹሙ ተቆጡ። «ከባድ መሳሪያ ነው ሊሉን ነው? ከባድ መሳሪያ ማለት መድፍ ነው፣ ታንክ ነው! ይሄ አፈሙዝ የለው፣ ተኳሽ የለው፤ የትምህርት ቤት ንብረት ተብሎ ተመዝግቧል። ምታው ዘካሪያስ!»

«ጌታዬ፣ እኔ በጦሩ ግምጃ ቤት መሳሪያ የነፍስ ወከፍ፣ የቡድን፣ ከባድ እያልኩ ስመድብ ነው ያረጀሁት፤ ቦንብ ምን ተብዬ ተመዘገብኩ ብሎ አይጠይቅም!»

ይህን ብለው ዘንጉን ለቀቁት፤ ጎንበስ አሉና እርጥብ ሣር ነጭተው፣ ዘካሪያስ እግር ስር አስቀምጠው ተንበረከኩ። ጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከለመነ ማንም አይሻገረውም።

«ይሄን ደግሞ ማን አስተማረዎት?» አለ ዘካሪያስ።

«እናንተ ናችኋ! ይህን ሁሉ ዘመን ሴቻ ተቀምጬ ዛሬም እንግዳ ነኝ እንዴ?»

«ተሻገር!» አሉ ሹሙ። «አለዚያ ነገ ዳይሬክተር አይደለህም!»

ዘካሪያስ ልጆቹን አየ፤ ዘንጉን ቀስ አድርጎ መሬት አኖረ። «እንግዲያው ዛሬውኑ ይሻሩኝ። ሣሩን አልሻገርም!»

ከቀናት በኋላ የፈንጂ ባለሙያዎች ቦንቡን ወስደው ሜዳ ላይ ሲያፈነዱት የጫኖ ቆርቆሮ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። የትምህርት ቤቱ የታሪክ መዝገብ ግን «አሮጌው ደወል በአዲስ ተተካ» ብሎ አለፈው፤ የመቶ አለቃዋም ሆነ የተሻረው ዘካሪያስ ስም በመዝገቡ የለም። እናንተስ ብትሆኑ፣ አለቃ ከኋላ፣ ሣር ከፊት፣ የአባታችሁ ደወል ከላይ ሆኖ፣ ምን ታደርጉ ነበር?