በኢንተርኔት የመጡት ሽማግሌዎች

ሎዛ የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ አዋሽ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንዱ ተነስቶ «አክስት ምን አገባት» እንዳይለኝ ነው። አገባኝ።

አዋሽ ላይ ሾፌሮች የሚያርፉበት የመኝታ ግቢ አለኝ። ሎዛ ደግሞ ነዳጅ ማደያው ላይ ገንዘብ ተቀባይ ናት። እስክንድርን ያመጣብን የተሰበረ አውቶቡስ ነው። ወደ ሰመራ ሲሄድ መኪናው እዚህ ቆመበትና ጥላ ፍለጋ ግቢዬ ገባ። ቁመናው ያማረ፣ አንደበቱ የለሰለሰ፣ ሰመራ ላይ የመንገድ ቀያሽ። ስልኩን የሚሰካበት ሶኬት ጠየቀ። ሎዛ የራሷን ነቅላ የእሱን ሰካችለት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህች ልጅ ለእኔ እንኳ ስልኳን ነቅላ አታውቅም።

መኪናው እስኪጠገን ሲጨዋወቱ ዋሉ። ማለቴ እሱ ያወራል፣ እሷ የውሃ ብርጭቆውን ታያለች። ቀና ስትል እሱ ዝም ይላል። እሷም መልሳ ታቀረቅራለች። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ሁለቱንም አያለሁ፤ ማን ያየኝ መሰለሽ?

ሊሄድ ሲል ስልክ ተለዋወጡ። ካርድ ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅባት ስትነግረው ሳቀባት።

«ካርድ ለምን ታቃጥያለሽ? በኢንተርኔት ነው የሚደወለው። ጥቅል ገዝተሽ እንደልብሽ ማውራት ነው» አለና ስልኳን ተቀብሎ መደወያውን ጫነላት።

ከዚያ ወዲያ ልጄን ያየኋት ከውሃ ታንከሩ ሥር ነው። ኔትወርኩ ደህና የሚይዘው እዚያ ነበር። ከማደያው እንደመጣች ጫማዋን ሳታወልቅ ትሮጣለች። እሱ በሰመራ ሜዳ ላይ ሆኖ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳና «ስሚ፣ ነፋሱን ስሚ» ይላታል። እሷ ትሰማለች። ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ መስመሩ ክፍት ነው። በካርድ ቢሆን ኖሮ ዝም የሚል ማን ነው? ሰው ሰላምታውን አጣድፎ ይዘጋ ነበር። እነዚህ ግን ዝምታውንም በነፃ አገኙትና ዝም ተባብለው ተዋደዱ።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ነግሯታል፤ በመደበኛው መስመር እንዳትደውል። ሂሳቧ ለምን ያልቃል፣ እሱ ኢንተርኔቱን ሲከፍት ራሱ ይደውላል። ቆጣቢ ባል አገኘች ብዬ እኔም በልቤ ወደድኩት።

ጎረቤቴ ፋሪሃ የፍየል ወተት የምታመጣልኝ የአፋር ሴት ናት። እነሱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይባባላሉ፤ ማን ምን እንዳየ፣ የት እንዳየ፣ ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ፣ መዋሸት ነውር ነው። ስለ እስክንድር ስነግራት ወተቱን አስቀምጣ ጠየቀችኝ።

«ቤቱን ማን አይቶ መጣ?»

«በስልክ አሳይቷታል።»

«ያሳየውን አልጠየቅኩሽም፣ ታንጉት። ያየውን ነው የጠየቅኩሽ።»

ቅናት ነው ብዬ አኮረፍኳት።

ቀጥሎ እስክንድር ሽማግሌ እልካለሁ አለ። ቤቱን ቀለም አስቀባሁ፣ በግ አሰርኩ። ኋላ ነገሩ ተቀየረ። አባቱና አጎቶቹ እሱን ሊጠይቁ ከወልድያ ሰመራ መጥተዋል፣ ግን አባቱን ወገባቸውን ያማቸዋል፣ እስከ አዋሽ መኪና አይችሉም አለ። ስለዚህ በኢንተርኔት፣ በምስል ይለምኑኛል።

«ልጅ በስልክ ይለመናል? ፍየል እንኳ ስትሸጥ ወገቧ ይዳሰሳል» አልኩ።

ሎዛ አለቀሰች። ፊታቸውን ታያለሽ፣ ድምፃቸውን ትሰሚያለሽ፣ ሌላ ምን ቀረ ብላ ለመነችኝ። የዚህችን ልጅ እንባ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አልችለውም። እሺ፣ ግን ደንቡ አይጓደልም አልኩ።

ስልኩን በስኳር ጣሳው ላይ አስደገፈችልኝ። ሦስት ሰዎች ታዩኝ። በሰመራ ሙቀት ጋቢ ደርበዋል፣ ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል። ለክብሬ ብለው ነው ብዬ ኮራሁ።

ተቀምጠው ቢሆንም ለደንቡ «ተቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ እመቤት» ብለው ተነሱ። ሲቆሙ ራሳቸው ከስልኩ ወጣና ከሆዳቸው ጋር ነው የተነጋገርኩት። እንደ ወጉ አሁን መልስ የለኝም፣ በሰንበት ተመለሱ አልኳቸው። በሰንበት ተመልሰው ደወሉ። ፈቀድኩ። አባቱ የተባሉት ሽማግሌ ወፍራም በሆነ፣ በሚያስለቅስ ድምፅ መረቁ። «በራችሁ ለእንግዳ አይዘጋ። ስትጣሉ አስታራቂ አትጡ» አሉ። ሎዛ ጉልበት መሳም ሲገባት ጎንበስ ብላ ስልኩን ሳመች።

ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ተባለ። ሎዛ ሥራዋን እንደምትለቅ ለአለቃዋ ነገረች፤ በእሷ ቦታ የምትገባ ልጅ መጥታ ጎኗ ተቀምጣ መማር ጀመረች። ሰመራ መሄዷ ነው፤ ደመወዟንም፣ አገሯንም፣ እኔንም ትታ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል።

በዚያው ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ከሰመራ አካባቢ ካለው የአገዳ እርሻ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ከጭነት መኪና ወርደው ግቢዬ ገቡ። ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ መኪና ይጠብቃሉ። ከዛፉ ሥር ዳቧቸውን አወጡና አንዱ ሽማግሌ ባረከ። በእጄ የያዝኩትን ጆግ መሬት አስቀመጥኩ። ያን ድምፅ የሰማ ሰው አይስተውም።

ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። «የእስክንድር አባት፣ ወገብዎን ተሻለዎት?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዳቦው ከአፉ ሳይደርስ ቀረ።

«ከስልኩ ውስጥ የነበሩት እመቤት» አለ በቀስታ።

ስሙ ወልደ ኢየሱስ ነው፣ አገዳ ቆራጭ። ያወቅኩት አሁን ነው። እስክንድር አባቴ ሞቷል፣ ዘመድ የለኝም፣ በባዕድ አገር ዘመድ ሁኑኝ ብሎ ለመናቸው። ጋቢውንም የተከራየላቸው እሱ ነው። በሰው አገር እንዲህ ይደረጋል፣ ክፉ ነገር አልመሰላቸውም። ምሳ በልተው ሄዱ።

«ኋላ ሚስቱ ልጁን ይዛ ከወልድያ መጣች» አለኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ቤቱ ጠርታ አበላችን። እህሉን ትቼ ተነሳሁ። እናንተን የት ላግኝ? የማውቀው ፊታችሁን ነው፤ አገራችሁን እንኳ አልነገረንም።»

ልደበድበው ፈልጌ ነበር። ሽማግሌ ነውና ተውኩት። ነገር ግን መኪና ቢመጣም አትሄድም፣ ለልጄ በአፍህ ትነግራታለህ አልኩት። ተቀመጠ። ጓደኞቹ ሄዱ፣ እሱ ቀረ።

ሎዛ መጥታ እንደቆመች ሰማችው። አላለቀሰችም።

«ሚስቱ... ቆንጆ ናት?» አለች።

«ጨዋ ናት፣ ልጄ» አለ ወልደ ኢየሱስ።

ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች። በኢንተርኔቱ ደወለች፣ አይነሳም፤ እሱ ዘግቶታል። ከዚያ እንዳትደውል በተከለከለችው በመደበኛው መስመር ደወለች። ከሁለት ጥሪ በኋላ ተነሳ።

«እስክንድር ገላውን እየታጠበ ነው። ማን ልበል?» አለች ሴትዮዋ። ከጎኗ ሕፃን ይነጫነጫል።

ሎዛ «ከነዳጅ ማደያው ነው» ብላ ዘጋችው።

ለካ የቆጠበው ካርዷን አይደለም። ሲፈልግ የሚከፍተውን፣ ሲፈልግ የሚዘጋውን በር ሰጥቷት ነው፤ ሌላው በር ላይ ሚስቱ ተቀምጣለች። በዚህ ላይ ተዋርጄ ከሦስት የተከራዩ ጋቢዎች ሆድ ጋር ስለ ልጄ ክብር ስደራደር የዋልኩት እኔ!

በማግስቱ አለቃዋ ዘንድ ሄዳ አልለቅም አለች። ጠዋቱን ለአዲሷ ልጅ ሰጥቶ፣ እሷን ፀሐዩ የሚነድበት የከሰዓቱ ፈረቃ ላይ አደረጋት። ተቀበለች።

ከነዳጅ ማደያው ተደወለ መባሉን ሰምቶ እስክንድር ሳምንቱ ሳያልቅ ራሱ መጣ። መንገድ ላይ ካለችው ከገዋኔ በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ አቧራ መስሎ። ግቢው በር ላይ «እማማ» ሲለኝ «እማማህን ወልድያ ፈልጋት» አልኩት። ሎዛ ወጣች። ለማንም መንገደኛ እንደምታደርገው ውሃ ሰጠችው። ጠጣና አለቀሰ።

«ሎዚ፣ የወደድኩሽ ውሸት አይደለም» አላት። «ከሚስቴ ጋር ቤተሰብ ነው ያጋባን። እፈታታለሁ።»

ትኩር ብላ ታየው ነበር። ዓይኗ ላይ ያኔ የነበረው ሁሉ ነበር፣ እኔ አልታወርኩም። አሁን እሺ ትላለች ብዬ ፈራሁ።

«ስሟ ማነው?» አለችው።

«ውብነሽ።»

«እዚህ መምጣትህን ታውቃለች?»

ብርጭቆውን በእጁ አዞረ። ያን የድሮውን ዝምታቸውን ዝም ተባባሉ፤ ግን አሁን ለሁለቱም ከበዳቸው።

«ሽማግሌ የሚያስፈልግህ እሷ ዘንድ ነው» አለችው። «በእግራቸው የሚሄዱ፣ ስምህን የሚያውቁ ፈልግና ላክባት። ልቀቂኝ በላትም፣ ማሪኝ በላትም፣ እሷ ዘንድ ሂድ። እኔ ዘንድ አትመለስ።»

ብርጭቆውን ተቀብላው ገባች። እሱ ትንሽ ቆሞ ወደ ሰመራ የሚያልፍ መኪና ላይ ወጣ። እኔ ስድቤን አዘጋጅቼ ነበር፣ ልጄ ምንም አላስቀረችልኝም።

ስገባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጎኗ ተቀመጥኩ። እንባዋ እየወረደ «እቴቴ» አለችኝ፣ «በአካል ሲሰማ እኮ ድምፁ ሌላ ነው። የማላውቀው ሰው ነው ያናገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ለዚያኛው፣ ለስልኩ ሰው ነው» አለች።