ባለቤት ያጣው ፍርሃት

የሲርማና ታላቁ ደወል ማንም ሳይነካው ጮኸ። ሽማግሎች በግንባራቸው ተደፉ፤ ፈረሶች ማሰሪያቸውን በጠሱ። ከሕፃናቱ ግን አንድም አልደነገጠ። ወራሪዎች ከተማዪቱን ካቃጠሉ ወዲህ የሲርማና ልጆች አይስቁም፣ አያለቅሱም፤ እንደ ጧፍ ቀልጠው ያልቃሉ።

«ነፍሳቸውን የሚመጥጠው የጥቁሩ ተራራ አውሬ፣ ጋሙድ ነው!» አሉ ንጉሥ ኦርማይ።

ገና ጢም ያላወጣው አዝራን ጦሩን መሬት ላይ ተከለ። ታናሽ እህቱ ሚሬና ከአልጋ መነሣት ተስኗት ነበር።

«በእናቴ አፅም እምላለሁ! ጋሙድን ሳልጥል የከተማዪቱን በር አልረግጥም!»

የቤተ መንግሥቱ ሐኪም እማማ ዞሬት ተከተሉት።

«እማማ፣ ገደሉ ለእርስዎ አይሆንም፤ ይመለሱ።»

«የኔን ጉልበት ተወውና ጦርህን አቅና። እንጨት ለቀማ የወጣህ ነው የምትመስለው!»

በዋሻው ውስጥ ጋሙድ እንደ ጭስ ተራራ ተነሣ። አዝራን ጦሩን ወረወረ። ከቁስሉ ደም አልወጣም፤ የሕፃን ጩኸት ወጣ፦ «አባዬ! በሩን ክፈትልኝ!» የራሱ የአዝራን የልጅነት ድምፅ ነበር። አውሬው በእጥፍ አደገ።

«አትውጋው!» አሉ ዞሬት ክንዱን ይዘው። «የልጆቻችን ፍርሃት ነው። ከቃጠሎው በኋላ ‹ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል› ብለን የማስረሻ ውኃ አጠጣናችሁ። ከእናንተ ወጣ እንጂ አልሞተም።»

«ታዲያ በምን ይሞታል?»

«ወደየባለቤቱ ይመለሳል እንጂ አይሞትም። ሲመለስ ግን ልጁን ብቻውን እንዳያገኘው። ና፣ አንተ ቅደም።»

አቀፉት። ያ የእሳት ሌሊት ተመለሰበት፤ አዝራን ተንሰቀሰቀ። እሳቸው «እሺ... ከዚያስ?» እያሉ ሰሙት። ከጋሙድ አንዲት የጭስ ዘለላ ጎደለች።

«አየህ? ውረድና እንዲህ አድርጉ በላቸው። ወላጅ የሌለውን ጎረቤት ይቀፈው። እስከዚያ ጋሙድን እዚህ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ እለቀዋለሁ።»

«ቀልጠው የሞቱት ልጆችስ? የእነሱ ፍርሃት ወደ ማን ይመለሳል?»

ዞሬት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ጭሱ ዘረጉ። «ኑ የኔ ልጆች፤ እኔ እሰማችኋለሁ።»

አዝራን መሐላውን አፍርሶ በበሩ ገባ። የዞሬት ቃልም በየቤቱ ተሰማ፤ ንጉሡ እንኳ የአንድ ሟች ወታደር ልጅ አቀፉ። ያኔ ጭሱ እንደ ጉም ወረደ፤ ሲርማናም በልቅሶ ተናወጠች።

ሚሬና ብድግ ብላ ጮኸች፦ «እማዬ እሳቱ ውስጥ ናት!»

«ዝም በይ የኔ እናት፣ አልፏል» አለች ጎረቤታቸው።

«ተያት፤ ትንገረኝ» አለ አዝራን። አጥብቆ እንደያዛት እስኪነጋ ሰማት።

በማግስቱ በዋሻው ጋሙድ አልነበረም። ዞሬትን በተቀመጡበት ሞተው አገኟቸው። እጆቻቸው ልጅ እንዳቀፈ ሰው ታጥፈው ደርቀዋል፤ ሊዘረጓቸው ቢሞክሩ እምቢ አሉ። እንደታቀፉ ቀበሯቸው።