አምስተኛው ቁጥርና የሉሜር ምንጭ

በንጉሥ ሄርጳ የዘውድ በዓል ቀን የሉሜር ወንዝ ወደ ኋላ ፈሰሰ። ዓሣዎች በደረቀው አሸዋ ላይ ሲንፈራገጡ የጎርዳም ሕዝብ ምልክቱን አወቀ፤ ባለ መዳብ ክንፉ እባብ አዝሙር ነቅቶ ምንጩን በዋሻው ዘግቶበታል። የሚለቀው ጥያቄውን ለሚመልስ ብቻ ነው። ከሄዱት ጀግኖች ግን አንድም የተመለሰ አልነበረም።

በመጨረሻ ትዝራ ተነሣች። ከቤተ መንግሥቱ ሊቃውንት ስሌት የተማረች ወጣት ነበረች። «ውሃውን ሳላስመልስ ፊቴን ወደ ጎርዳም ባዞር ምድር አትቀበለኝ!» ብላ በንጉሡ ፊት ማለች። አጎቷ ቆርሞ፣ ሸምገል ያለው የጦር አለቃ፣ ጋሻውን አንሥቶ ተከተላት።

በረሃውን ከአመድ ተኩላዎች ጋር እየተዋጉ አቋርጠው ዋሻው ደረሱ። ወለሉ ላይ የቀደሙት ጀግኖች የብረት ልብስ፣ ጥሩራቸው፣ ተበትኗል። እንደ ገቡ በመግቢያው ላይ የድንጋይ መዝጊያ ከጣሪያው ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ።

«ሁለትን በራሱ አባዢ፤» አለ አዝሙር። «ያገኘሽውን ደግሞ በራሱ፤ እንዲህ አምስት ጊዜ። በመጨረሻ አንድ ጨምሪ። ይህ ቁጥር ይከፈላል ወይስ አይከፈልም? ከተከፈለስ በምን? መዝጊያው መሬት ሳይነካ መልሺ። ከተሳሳትሽ እዚሁ ትቀሪያለሽ።»

ትዝራ በአሸዋው ላይ አሰላች፦ አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት። የቁጥሩን ቤተሰብ ታውቀዋለች። ማባዛቱ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን አምስት ይገኛል፤ ሁለት ጊዜ ቢሆን አሥራ ሰባት፤ ቀጥሎ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት፤ ቀጥሎ ስድሳ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ ሰባት። አራቱም ከአንድና ከራሳቸው በቀር በምንም አይከፈሉም። ሊቃውንቱም አምስተኛው እንደ ወንድሞቹ ነው ብለው ምለዋል።

«አይከፈልም በዪና እንውጣ!» አለ ቆርሞ።

«እነዚህም እንዲሁ ሳይሉ አልቀሩም፤» አለች ወደ ጥሩሮቹ እያመለከተች። «መምህሮቼ ማሉ እንጂ አልሞከሩትም፣ አጎቴ።»

ቆርሞ ጋሻውን ጣለ። ከመዝጊያው ሥር ገብቶ ድንጋዩን በትከሻው ተቀበለ። እባቡ ሳቀ። «መሸከምን ሕጉ አይከለክልም» አለ።

ትዝራ በትምህርቷ አንድ ነገር ደርሳበት ነበር፤ አምስተኛውን የሚከፍል ቁጥር ካለ፣ ያ ቁጥር ለስድሳ አራት ሲካፈል አንድ ይተርፈዋል። ከእንዲህ ያሉት ራሳቸው የማይከፈሉትን ብቻ መረጠች። በመቶ ዘጠና ሦስት ከፈለች፤ ተረፈ። በሁለት መቶ ሃምሳ ሰባትም ተረፈ። በአራት መቶ አርባ ዘጠኝ፣ በአምስት መቶ ሰባ ሰባት፣ አሁንም ተረፈ። በስድስት መቶ አርባ አንድ ስትከፍል ምንም አልተረፈም።

«አገኘሁት!»

«አረጋግጪ፣» አለ ቆርሞ፣ አጥንቱ እየተንቋቋ። «ብትሳሳቺ ሁሉም ከንቱ ነው።»

መልሳ አባዛች። ልክ ነበር። «ይከፈላል!» ብላ ጮኸች። «ስድስት መቶ አርባ አንድ፣ በስድስት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት ሲባዛ እርሱን ይሰጣል!»

የመዳቡ ክንፍ ተሰነጠቀ፤ እባቡ ወደ አቧራ ተለወጠ፤ ምንጩ ዓለቱን ፈንቅሎ ወጣ። መዝጊያው ተሰባብሮ ወደቀ። ቆርሞ ግን እንደ ተንበረከከ ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ጎርዳም በእልልታ ተቀበለቻት። ንጉሡ «የምንጩ እመቤት» ብሎ ሰየማት። ትዝራ ግን ከአደባባዩ ወጥታ ወደ ቆርሞ ሚስት ወደ ማኔት ቤት ሄደች።

«መልሱን ስታገኚ በሕይወት ነበር?» አለች ማኔት።

«ነበር። አረጋግጪ አለኝ። ሳረጋግጥ ሞተ።»

«ሳታረጋግጪ ብትናገሪ ኖሮስ?»

«መልሱ ያው ነበር።»

ማኔት እንስራዋን አነሣች፤ ሌላውንም ለትዝራ ሰጠቻት፤ ሁለቱም ወደ ወንዙ ወረዱ።