«ያላገባ» የምትለዋ ሳጥን

ኑ ጠጋ በሉ። ሐሜት አይደለም፤ ሐሜትማ ሐራም ነው። የገዛ ልጅ ልጄን ነገር ነው የማወራችሁ፤ ደግሞ ግማሹ ጥፋት የኔ ስለሆነ፣ ራሴን ባማ ማን ይከለክለኛል?

ዓቢዳን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ከጦርነቱ በፊት ሲሪንቃ፣ የእርሻ ምርምሩ ጋ፣ ማሽላ ከወፍ ትጠብቃለች። እዛ ማሽላው እንደኛ ማሳ ዝም ብሎ አይዘራም፤ ስም የተጻፈበት እንጨት ከየመደቡ ፊት ይተከልለታል። ጁነይድ የሚባል የመርሳ ልጅ ደግሞ ሜትር ይዞ የማሽላውን ቁመት እየለካ ይጽፋል። አንድ ቀን ወፍ ብላ የወነጨፈችው ጓል የልጁ ትከሻ ላይ አረፈ።

«እኔም ወፍ መሰልኩሽ?»

«ወፍማ ሲወረወርበት ይበራል። አንተ ቆመህ ታየኛለህ» አለችው።

ከዛን ቀን ወዲያ ልጁ አንዱን ማሽላ ሦስት ጊዜ ይለካ ጀመር። ይሄን የነገረችኝ አብራት የምትሠራው ቡርቱካን ናት። ጠይቄያት እንዳይመስላችሁ። ሁለት ፓፓያ ሰጠኋት እንጂ ምንም አልጠየቅኋትም።

ፍቅሩስ ጥሩ ነበር። ችግሩ ካናዳ ነው። የጁነይድ እናት አሲያ ልጇን በአሥር ዓመቱ አጎቱ ጋ ትታ ዓረብ አገር ሄደች፤ ከዛ ካናዳ ገባች፤ እዛው የመኖሪያ ፈቃድ አገኘች። ልጄን ላምጣ ብላ አመልክታለች። ወረቀቱ ግን ያላገባ ልጅ ነው የሚለው። ያገባ ከሆነ ቀረ።

እኔ ፈራሁ። ዓቢዳዬ ማታ ማታ ደጃፍ ተቀምጣ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ስታይ አየኋትና ልጁን ጠራሁት።

«ከመሄድህ በፊት ኒካሕ እሰርላት።»

«እማማ ከድጃ፣ ወረቀቱ ይበላሽብኛል።»

«ኒካሕ አሰርክ እንጂ መቼ አገባህ? ሰርግ አልተደገሰ፣ ሙሽራ ከቤቷ አልወጣች! በኛ አገር ይሄን ማነው ያገባ የሚለው?»

ማመን ፈልጎ ኖሯል፣ ሳቀ። በግንቦት፣ ከአምስት ሰው በላይ ሳይሰማ፣ ኒካሑ ታሰረ። እሷም እኔ ጋ ቀረች። በሐምሌ ለጤና ምርመራ አዲስ አበባ ተጠራና ሄደ። በነሐሴ ጦርነቱ መርሳ ገባ።

እሱን እንኳ አላወራም። ያየ ያውቀዋል። እኛ ከመርሳ በላይ ዘመድ ቤት ወጣን። መንገድ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ጁነይድ እዛ፣ እኛ እዚህ።

ዓቢዳ ግን በየቀኑ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ከቤቱ ጀርባ ሾላው ሥር ትሄዳለች። ምን ትሠራለች ብዬ ተከተልኳት። ባትሪው ካለቀ ወር ያለፈውን ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታወራለች! ወላሂ፣ ታወራለች። ትስቃለች። ደግሞ ዝም ትላለች፣ ወዲያ የሚናገር ያለ ይመስል ዝም ብላ ታዳምጣለች። አበደች ብዬ መጀመሪያ አለቀስኩ። በኋላ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በየቀኑ ከቤቱ ግንብ ኋላ እየተቀመጥኩ ማድመጥ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ሌላ ምን የሚሰማ ነበር?

በታኅሣሥ መንገዱ ተከፈተ። ልጁ እስከ ውርጌሳ በጭነት መኪና፣ ከዛ ወዲህ ሰው እየጠየቀ በእግሩ መጣ። እኔ ከግንቡ ኋላ ሆኜ ሲመጣ አየሁት። ከስቷል፣ ጫማው ነጭ አቧራ ነው። በጣቴ ዝም በል አልኩት። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ታወራለች።

«ከማን ጋር ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

ሳትዞር፣ «ከባሌ ጋር» አለች።

«እንግዲያ ዝጊው። መጥቷል።»

አልዞረችም። ስልኩ ከእጇ ሣሩ ላይ ወደቀ። እሱም አልነካትም። ሾላው ላይ ያሉት ወፎች ሲንጫጩ ብቻ ይሰማኛል። ከዛ ዞረች።

እቤት ገብተን ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የመጨረሻዋ ፎርም ናት፤ አሥር ቀን ቀርቷታል። ሁለት ትንንሽ ሳጥን አለባት፤ አንዷ ያላገባ፣ አንዷ ያገባ። አንዷ ላይ ራይት ያደርጋሉ።

«ፎርም የሚሞላው ሰውዬ የነገረኝን ልንገራችሁ» አለ። «ዛሬ ያላገባ ብዬ ከገባሁ፣ ነገ ሚስቴን ላምጣ ብል አይሰሙኝም። የደበቅኋት ሚስት ለነሱ የለችም ማለት ነው። ያገባ ካልኩ ደግሞ እኔም አልሄድም።»

ያቺ «መቼ አገባህ» ያልኳት ቀልዴ እንዲህ ልትሆን!

«ያላገባ በል» አልኩት። «ኒካሑን የምናውቅ አምስት ነን። አፌን እዘጋለሁ። እስክሞት።»

በዛ ሁሉ ኀዘን መሃል ሁለቱም ሳቁብኝ። ባለጌዎች።

ሳቋን ቀድማ የዋጠችው ዓቢዳ ናት። «ፍታኝ» አለችው። «አሥራ አንድ ዓመት እናትህን አላየሃትም። ፍታኝና ያላገባ በል፣ እውነትህን ይሆናል። እኔ አልቀየምህም።»

ፎርሙን ወደ ራሱ ሳበ።

«አምስት ወር ሙሉ ሙት ሁኚ ሕያው አላውቅም ነበር» አለ። «ያኔ እንኳ ያቺን ሳጥን ራይት ማድረግ እጄ እምቢ አለኝ። አሁን ፊቴ ተቀምጠሽ ነው?»

እስክሪብቶ አወጣ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያገባ የምትለዋ ላይ ራይት አደረገ። ከዛ የሚስት ስም የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ፣ «የአባትሽን ስም በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የምትጽፊው?» አላት።

እሷ ፊደሉን እያለቀሰች ነገረችው።

ኔትወርኩ ሲመለስ እናቱ ጋ ደወለ። «እኔ አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበትን!» አለችና ዘጋችው። ወር ሙሉ አላነሳችም። ወረቀቱም አይሆንም ተብሎ መጣ።

በዓመቱ ሰርጉ ሲደገስ አሲያ ራሷ ከካናዳ መጣች። ከመኪና ወርዳ ማንንም ሳትስም ዓቢዳ ፊት ቆመች።

«ልጄን ያስቀረሽብኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔማ ሂድ ብዬው ነበር፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ነግሮኛል» አለችና አቀፈቻት። «እሱን ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

አንድ ወር ቆይታ ሄደች። ስትሄድ ጁነይድ መኪናው እስኪጠፋ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ዓቢዳም እስኪመለስ ከጎኑ ቆመች።

አሁን ሲሪንቃ ተመልሶ ማሽላውን ይለካል። ባለፈው ሳምንት ብቻውን እኔ ጋ መጣ። ሁለት ፓፓያ ይዟል፣ የበሰለ፣ ከመርሳ።

«እማማ፣ ያኔ በሞተው ስልክ ምን ትለኝ ነበር? እሷ አልነግርም አለች። እርስዎ ሰምተዋል።»

ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

ፓፓያዎቹን በላኋቸው። አልነገርኩትም። ለእናንተም አልነግርም።