ምርኩዙ በቀኝ እጅ

ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ከደረጃው ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተዋል። ምርኩዛቸው በቀኝ እጃቸው ጣቶች መሃል ተሰክቷል። መርማሪዋ ስትደርስ አስታማሚያቸው በካቴና ታስራ ጥግ ላይ ቆማለች። የሰውየው ገላ ገና ሳይቀዘቅዝ ጥፋተኛ ተገኝቶ አልቋል! የመርማሪዋ ደም ፈላ።

«ማነው ያሳሰራት?»

«እኔ ነኝ» አለ የሟቹ ወንድ ልጅ፤ የኮሌጅ አስተማሪ ነው። «አባዬ ምርኩዙን ይዞ ሲወርድ ገፍትራው ነው። ሁልጊዜ ይጨቃጨቁ ነበር።»

«እኔ ኩሽና በረዶ እያወጣሁ ነበር!» አለች አስታማሚዋ። «ጋሼ ከትላንት ጀምሮ ቀኝ ጉልበታቸው አብጦ እሳት ሆኗል። ቀኝ የእጅ አንጓቸውም እንደዚያው። ቁርሳቸውን ያጎረስኳቸው እኔ ነኝ፤ በየት በኩል ይወርዳሉ?»

«ማስመሰል ነው» አለ ልጁ። «ባለፈው ሳምንት ግቢውን ሲዞር ነበር። ዛሬ ሽባ፣ ነገ ጎረምሳ! እንዲህ ያለ በሽታ አለ?»

«አለ!» ብላ ጮኸች እህቱ፤ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ነው የአባቷን መውደቅ የሰማችው። «ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። በእርጅና የሚመጣ ነው፤ የካልሲየም ክሪስታል መገጣጠሚያ ውስጥ ይጠራቀማል። ሪህ ይመስላል እንጂ ሪህ አይደለም። ድንገት ይነሳል፣ አሰቃይቶ አሰቃይቶ ይተዋል። ስንቴ ልንገርህ?»

መርማሪዋ ምርኩዟን ተደግፋ ቀስ ብላ ተንበረከከች፤ የራሷም ጉልበት ደህና አይደለም። የሟቹ ቀኝ ጉልበት ተወጥሯል። እጅጌያቸውን ስትሰበስብ ቀኝ አንጓቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አገኘችው። ግራ መዳፋቸው ላይ መጅ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ጉልበቱን የታመመ ሰው ምርኩዝ የሚይዘው በደህናው እግሩ በኩል ነው» አለች የራሷን እያነሳች። «የእሳቸው የታመመው ቀኙ ነው፤ የምርኩዙም መጅ ግራ መዳፋቸው ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው ደግሞ ዛሬ ማንኪያ እንኳ አልያዘም። ስለዚህ ምርኩዙን ከሞቱ በኋላ ያስያዛቸው ሰው አለ። ፋሻውን የጠቀለለችው አስታማሚ ያንን እጅ አትመርጥም። ሐኪም ቤት ያመላለሰቻቸው ልጅም አትመርጥም። የሚመርጠው በሽታውን ያላመነ ሰው ብቻ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ያላመነው ማነው?»

ልጁ አፉን ሊከፍት ሲል አቋረጠችው።

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ዛሬ ከጉልበታቸው ፈሳሽ ቀድቶ በማይክሮስኮፕ አይቷል። ክሪስታሉ ሞልቷል። ና እየው! እሱም ያስመስላል?»

ልጁ ፊቱን ወደ ደረጃው አዞረ።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «ከመኝታ ክፍሉ ደግፌ አወጣሁትና ደረጃው ጫፍ ላይ አቆምኩት። ምርኩዙን ቀማሁት። ውሸቱ ይብቃ፣ አንድ እርምጃ ተራመድ አልኩት። ለቀቅኩት።»

መርማሪዋ የአስታማሚዋን ካቴና በገዛ እጇ ፈታች። እህትየው ወንድሟ ፊት መጥታ ቆመች።

«አባዬ ምን አለህ?»

«ያዘኝ ልጄ፣ አለኝ።»

በጥፊ አጮለችው። ደገመችው። ማንም አልገላገለም።